ፍርሃት በጆሮ ሲገባ፦ የ«ኤሊየን፦ አይሶሌሽን» ግምገማ

አስፈሪ የቪዲዮ ጨዋታ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለሚታየው ነገር ነው፤ ጭራቁ ምን ያህል እንደሚቀፍ፣ ደሙ ምን ያህል እውነት እንደሚመስል፣ የምስሉ ጥራት የት እንደደረሰ ይነገራል። እኔ ግን ይህን ዓይነት ጨዋታ ለዓመታት ስከታተል የደረስኩበት ሐሳብ ሌላ ነው። ዓይን ቶሎ ይለምዳል፤ መጀመሪያ ያስጮኸን ፊት ጥቂት ከቆየ ተራ ሥዕል ይሆናል። ጆሮ ግን የሰማውን ድምፅ ምንጭ እስኪያገኝ ድረስ አያርፍም። በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው «ኤሊየን፦ አይሶሌሽን» ይህን ጠንቅቀው በሚያውቁ ሰዎች የተሠራ በመሆኑ፣ ከወጣ ከዐሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ከእርሱ በኋላ ከመጡት ከብዙዎቹ ይልቅ ዛሬም የተጫዋቹን መዳፍ በላብ ያርሳል። አዲስ ኮንሶል፣ ማለትም የጨዋታ ማሽን፣ ገዝቶ በየዓመቱ የሚቀይር ሰው እምብዛም በማይገኝባት በደብረ ማርቆስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 የወጣ ጨዋታ አሮጌ አይባልም።

ጨዋታውን የሠራው ክሪኤቲቭ አሴምብሊ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ሲሆን ያሳተመው የጃፓኑ ሴጋ ነው። ድርጅቱ ከዚያ በፊት ይበልጥ የሚታወቀው «ቶታል ዋር» በሚባሉት፣ ተጫዋቹ ብዙ ሠራዊት ከላይ ሆኖ እያየ በሚያዝባቸው የጦርነት ስልት ጨዋታዎች ስለነበር፣ አንዲት ሴት ብቻዋን በጨለማ ኮሪደር እያጎነበሰች የምትሄድበትን ሥራ ከእርሱ መጠበቅ ይከብድ ነበር። ታሪኩ የሚነሣው ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1979 ካዘጋጀው «ኤሊየን» ከተባለው ፊልም ነው። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ የኤለን ሪፕሊ ልጅ የሆነችው አማንዳ፣ ፊልሙ ውስጥ ከተፈጸመው ነገር 15 ዓመት በኋላ፣ የእናቷ መርከብ የበረራ መቅጃ ተገኘ መባሉን ሰምታ ሴቫስቶፖል ወደምትባል የጠፈር ጣቢያ ትሄዳለች። ስትደርስ ጣቢያዋ እየፈረሰች ነው፤ በሕይወት የቀሩት ነዋሪዎችም እርስ በርሳቸው አይተማመኑም። ከመካከላቸውም አንድ ፍጡር ገብቷል። ቀሪውን ለተጫዋቹ እተወዋለሁ፤ ታሪኩ የጨዋታው ጠንካራ ጎን ስላልሆነ ብዙ የሚቀርበት ነገር የለም።

ጠንካራው ጎን ፍጡሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ አይገደልም፤ የሚሄድበትም መንገድ አስቀድሞ አልተወሰነለትም። በብዙ የዚህ ዘርፍ ጨዋታዎች ጠላት የሚወጣበት በር የታወቀ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ የሞተ ሰው በሁለተኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ በሦስተኛው ነገሩ ሁሉ ሽምደዳ ይሆናል። እዚህ ግን ሠሪዎቹ የፍጡሩን አእምሮ ለሁለት ከፍለውታል። አንደኛው ክፍል እንደ ዳይሬክተር ከበላይ ሆኖ ተጫዋቹ የት እንዳለ ሁልጊዜ ያውቃል፤ ነገር ግን ለፍጡሩ ትክክለኛውን ቦታ አይነግረውም፤ በዚህ አካባቢ ፈልግ ከማለት ያለፈ ፍንጭ አይሰጠውም። ሁለተኛው የፍጡሩ የራሱ ክፍል ሲሆን እርሱ የሚያውቀው ያየውንና የሰማውን ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ በተጫዋቹ ላይ ያረፈው ጫና ምን ያህል እንደሆነ ይለካል፤ ፍጡሩ በአቅራቢያው ብዙ ከቆየ ወደ ጣሪያው የአየር ቱቦ ተመልሶ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ተጫዋቹ ትንሽ ተንፍሶ ልቡ ሲረጋ እንደገና ይልክበታል። ከዚህም ሌላ የፍጡሩ ባሕርይ ከፊሉ መጀመሪያ ላይ ተቆልፎ ይቆይና ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ይከፈታል። ስለዚህ ተጫዋቹ፣ ይህ ነገር ከእኔ እየተማረ ነው የሚል ስሜት ያድርበታል።

ይህ የፕሮግራም ነገር ለብዙ አንባቢ ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ፍርሃቱ የሚመጣው ከዚሁ ነው። አሳዳጁ ሁሉን የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ መደበቅ ትርጉም አይኖረውም ነበርና ተጫዋቹ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፤ ምንም የማያውቅ ቢሆን ደግሞ ይንቀዋል። ፍጡሩ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። እዚህ አካባቢ እንዳለህ ጠርጥሯል፣ የቱ ጠረጴዛ ሥር እንዳለህ ግን አላወቀም። ስለዚህ እያንዳንዱ እርምጃ ውሳኔ ይሆናል፤ ሮጦ የሞተ ሰው ስለሮጠ እንደሞተ ያውቃል፤ ብረት ረግጦ የተሰማ ሰው ማንንም አይወቅስም። ሞቱን በራሱ ጥፋት የሚቀበል ተጫዋች ብቻ ነው ቀጥሎ ለሚያደርገው ነገር የሚፈራ፤ በዕጣ የሚሞት ሰው ይናደዳል እንጂ አይፈራም። ብዙ የጨዋታ ሠሪዎች ይህን ልዩነት የተረዱት አይመስለኝም።

ወደ ጆሮ ጉዳይ ልመለስ። ፍጡሩ በቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ብረቱ ከራስ በላይ ይንኳኳል፤ ወደ ወለሉ ሲወርድ ከባድ ኮቴ ይሰማል፤ ሲፈልግ የሚያሰማው ትንፋሽ አግኝቶ ሲመጣ ከሚያሰማው ጩኸት የተለየ ነው። ተጫዋቹ ጥቂት ከቆየ በኋላ እነዚህን ድምፆች ያለ አስተማሪ ለይቶ ያውቃቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወተው እያዳመጠ ነው። በጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጅብ ከወንዙ ማዶ ሲጮኽ የሚደነግጥ የለም፤ ከብቱ በረት ገብቷል፣ በሩ ተቀርቅሯል፣ ቤተሰቡም እሳት ዳር ወሬውን ይቀጥላል። ወሬው የሚቋረጠው ጩኸቱ ድንገት ጠፍቶ የግቢው ውሻ ዝቅ ባለ ድምፅ ማጉረምረም ሲጀምር ነው። በዚህ ጨዋታም የቱቦው ኳኳታ እስካለ ድረስ ሰው ሥራውን ይሠራል፤ ኳኳታው ሲያቆም ግን የት ሄደ የሚለው ጥያቄ እግር ያስራል።

ሠሪዎቹ ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ ለተጫዋቹ አስይዘውታል፤ መልሱን ግማሽ ማድረጋቸው ደግሞ ትልቁ ብልሃታቸው ነው። በእጅ የሚያዘው የእንቅስቃሴ መከታተያ በአካባቢው የሚንቀሳቀስን ነገር በነጥብ ያሳያል። የማይንቀሳቀስን አያሳይም፤ ፍጡሩ ካደፈጠ ነጥቡ ይጠፋል። ከፍታም አይለይም፤ ነጥቡ ጣሪያው ውስጥ ይሁን ከፊት ለፊት ካለው በር ኋላ አይታወቅም። መሣሪያውን አንሥቶ የሚያይ ሰው ዓይኑ እዚያ ላይ ሲያርፍ ዙሪያው ይደበዝዛል፤ ዙሪያውን ሲያይ ደግሞ የመሣሪያው መስታወት ይደበዝዛል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይቻልም። ይባስ ብሎ የመሣሪያው የራሱ ድምፅ ፍጡሩ ቅርብ በሆነ ጊዜ ሊጠራው ይችላል። ለማወቅ የምትከፍለው ዋጋ መታወቅ ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ በአስፈሪ ጨዋታዎች ታሪክ ከዚህ የተሻለ የታሰበበት ዕቃ ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የጃፓኑ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው «ሳይለንት ሂል» ውስጥ ያለው፣ ጭራቅ ሲቀርብ መንሾካሾክ የሚጀምረው ትንሽ ሬዲዮ ነው።

«ሳይለንት ሂል»ን ካነሣን አይቀር ጭጋጉን ማለፍ አይገባም። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን አቅም አነስተኛ ስለነበር አንድን ሙሉ ከተማ እስከ ሩቅ ድረስ አጥርቶ ማሳየት አይችልም ነበር፤ ሠሪዎቹ ጉድለቱን በጭጋግና በጨለማ ሸፈኑት፤ ያ ጭጋግ ግን ከጨዋታው ሁሉ የማይረሳው ነገር ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የካፕኮም «ሬዚደንት ኢቭል»ም ካሜራውን በክፍሉ ጥግ ተክሎ ስላቆመው፣ ተጫዋቹ ከማዕዘኑ ወዲያ የሚጎተት እግር እየሰማ ባለቤቱን ማየት አይችልም ነበር። ዛሬ ኮምፒውተሩ ሁሉን ማሳየት በቻለበት ዘመን ብዙ ጨዋታዎች ሁሉን ያሳያሉ፤ ያስፈራል ብለው የቀረው ዘዴያቸውም ከጸጥታ በኋላ ድንገት በታላቅ ጩኸት ፊት ለፊት ብቅ ማለት ነው። ይህ ሰውን ያዘልላል፤ በር በኃይል ሲዘጋም እኮ ሰው ይዘላል። ሲደጋገም ግን የሚቀረው መሰልቸት ብቻ ነው።

«ኤሊየን፦ አይሶሌሽን» ከዚህ ዘዴ ፈጽሞ የጸዳ ነው አልልም፤ ድንገት የሚፈነዳ የእንፋሎት ቱቦ፣ በራሱ የሚከፈት በር፣ የሚወድቅ ብረት አለው። ሆኖም እነዚህ የፍርሃቱ ማጣፈጫ እንጂ ዋናው ምግብ አይደሉም። ቅር የሚያሰኘኝ ሙዚቃው ነው። የጄሪ ጎልድስሚዝን የፊልሙን ዜማ ተከትሎ የተሠራው ሙዚቃ በራሱ የተዋበ ቢሆንም፣ ፍጡሩ ሲቀርብ ከፍ እያለ ስለሚሄድ ጆሮ በራሱ ሊደርስበት የሚገባውን ነገር ቀድሞ ይነግረዋል። ከቅንብር ማውጫው የሙዚቃውን ድምፅ በጣም ዝቅ አድርጎ የሌላውን ድምፅ እንዳለ መተው ጨዋታውን እጅግ ያከብደዋል፤ ለእኔ ግን ትክክለኛው አጨዋወት ይህ ነው።

ሁለተኛው የፍርሃት ምንጭ የሚጠፋ ነገር መኖሩ ነው። በአሁኑ ጊዜ አብዛኛው ጨዋታ ተጫዋቹ የደረሰበትን በየደቂቃው በራሱ ይመዘግባል፤ የሞተ ሰው ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቀጥላል፤ ስለዚህ ሞት ዋጋ የለውም፤ ዋጋ የሌለው ሞት ደግሞ አያስፈራም። የቀድሞው «ሬዚደንት ኢቭል» ሴቭ ለማድረግ የጽሕፈት መኪና ሪባን ያስፈልግ ዘንድ ማድረጉና ሪባኑም በቁጥር የተወሰነ መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነበር። እዚህ ደግሞ በጣቢያዋ ግድግዳ ላይ አልፎ አልፎ የተሰቀሉ የድንገተኛ ጊዜ ስልኮች አሉ፤ ሴቭ ለማድረግ እዚያ ካርድ ያስገባሉ፤ ሦስት መብራቶች ተራ በተራ እስኪበሩ ይጠብቃሉ፤ በዚያች አጭር ጊዜ ጨዋታው ስለማይቆም ፍጡሩ ከኋላ መጥቶ ሊገድል ይችላል። ብዙ ሰዓት የተለፋበት ሥራ በእነዚያ መብራቶች ላይ ተንጠልጥሎ ሲታይ የሚሰማው ነገር ከጭራቁ ፊት ሁሉ ይበልጣል።

ሠሪዎቹ ያላሰቡት፣ እኛ ግን የጨመርንበት አንድ ነገር አለ፤ የመብራት መጥፋት። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ሞጣ የሚኖር ተጫዋች ፍጡሩን ብቻ ሳይሆን አምፖሉንም ይፈራል። ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተንቀጥቅጦ ተጉዞ፣ ካርዱን ሊያስገባ ሲል መብራት ቢሄድ ያ ሁሉ ልፋት የለም። በመጀመሪያ ይህ ያበሳጨኝ ነበር፤ እየቆየ ግን ከጨዋታው መንፈስ ጋር የሚስማማ ሆኖ አገኘሁት። ለዚህ ልማድ የሌለው ሰው ግን ባትሪው ደህና ጊዜ በሚቆይ ላፕቶፕ ቢጫወት ወይም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ቢኖረው ይሻለዋል፤ ካልሆነ ከፍርሃት ይልቅ ደም ግፊት ይዞ ይነሣል።

ስለ መሣሪያ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሽጉጥ አለ፤ ፍጡሩ ላይ መተኮስ ግን እርሱን ከመጥራት በቀር አንዳች አይፈይድም። እሳት የሚተፋው መሣሪያ ሲገኝ ለጥቂት ጊዜ ሰው ይደፍራል፤ ፍጡሩ ከነበልባሉ ይሸሻል፤ ነዳጁ ግን ያልቃል፤ ፍጡሩም እየዋለ ሲያድር መጀመሪያ እንደ ሸሸው አይሸሽም። የስዊድኑ ፍሪክሽናል ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው «አምኔዥያ» ከተጫዋቹ እጅ መሣሪያን ሁሉ ወስዶ ፍርሃትን እንዴት እንደሚያጎላ አሳይቶ ነበር። የእንግሊዞቹ ሥራ ግን ከዚያ በአንድ እርምጃ የከፋ ይመስለኛል፤ መሣሪያ ሰጥቶ፣ ተስፋ አስይዞ፣ ከዚያ ተስፋው የት ላይ እንደሚያልቅ ያሳያል። ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቆ በበሩ ቀዳዳ ጭራውን እያዩ ትንፋሽ መያዝ የሚጠይቀው ጊዜ አለ። ብዙ ተጫዋች በዚያ ጊዜ የራሱንም ትንፋሽ አብሮ ይይዛል፤ እንዲህ አድርግ ያለው ሳይኖር።

የእኛን አገር ተጫዋች በሚመለከት አንድ ሌላ ነገር አስተውያለሁ። የውጭ አስፈሪ ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ የሚያስፈሩት በራሳቸው ባህል ምልክት ነው፤ ምድር ቤት ያለው ትልቅ የእንጨት ቤት፣ የተተወ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል፣ የአሻንጉሊት ፊት፣ የተገለበጠ መስቀል። ጭቃ ምርግ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ምድር ቤት ምን እንደሚያስፈራ በልቡ አይገባውም፤ አሻንጉሊትም በልጅነቱ ከጨርቅ የሰፋው መጫወቻ ነው። የእኛ ፍርሃት ሌላ ቦታ አለ፤ በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ በቀትር ብቻውን ያለፈ፣ ስለ ደብተራ ድግምት ሲወራ ሰምቶ ያደገ፣ ማታ ስምህን የጠራህን ድምፅ ማንነቱን ሳታውቅ አቤት አትበል ተብሎ የተመከረ ሰው ያውቀዋል። ከዚህ የሚነሣ ጨዋታ ቢሠራ ምንኛ ደስ ባለኝ። እስከዚያው ድረስ ግን መታደን የየትኛውም አገር ሰው የሚረዳው ነገር ስለሆነ፣ ይህ ጨዋታ ወደ ጎጃም ሲሻገር ከሌሎቹ ያነሰ ነው የሚጎድልበት። ታሪኩ በጠፈር ላይ ቢሆንም ጨለማው፣ ጠባቡ መተላለፊያና ኮቴው የሁሉም ናቸው።

በዚህች አገር አሁን ባለው ሁኔታ ለምን ገንዘብ ከፍሎ ይፈራል የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ ጥያቄውንም አልንቀውም። ምላሼ አጭር ነው፤ የጨዋታው ፍርሃት የማጥፊያ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉም በራሴ እጅ ነው። ያም ሆኖ ልቡ የከበደበት ሰው በዚያ ሰሞን ሌላ ነገር ቢጫወት እመክራለሁ።

የት እንደሚጫወቱት ደግሞ ከምን ላይ እንደሚጫወቱት ይልቅ ይወስናል። በከተማችን ባሉት ጌም ቤቶች ሞክሬዋለሁ፤ አይሆንም። ጌም ቤት የኳስ ቤት ነው፤ በስተግራ ፊፋ፣ በስተቀኝ ፊፋ፣ ከኋላ ተራ የሚጠብቁ ልጆች፣ በሩ ላይ የመንገዱ ብርሃን። ፍጡሩ ሲወርድ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ «ከኋላህ ነው! ሣጥኑ ውስጥ ግባ!» ብሎ ከጮኸ በኋላ ነገሩ ሁሉ ሳቅ ይሆናል፤ ከሰው ጋር የተካፈሉት ፍርሃት ፍርሃትነቱ ያበቃል። ቤቱን የሚጠብቀው ወጣትም ትንሽ ታግሦ «ጋሼ፣ እርስዎ ቀስ እያሉ ሲሄዱ ልጆቹ ተሰላችተው ሊሄዱብኝ ነው፤ ኳስ ይሁንልዎት» አለኝ። ልክ ነበር፤ በሰዓት ለሚከፈልበት ቤት፣ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ሰዓት መቁጠር የሚጠይቅ ጨዋታ አይስማማም።

በቤት፣ በሌሊት፣ በሄድፎን መጫወት ግን ሌላ ነው። ሄድፎኑ ውድ መሆን የለበትም፤ ግራና ቀኝን በትክክል የሚለይ ከሆነ ይበቃል። በክረምት ግን ተጠንቀቁ፤ የማርቆስ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ጨዋታው ግማሽ ስሜቱን ያጣል፤ የቱቦውን ኳኳታ ከጣሪያው ኳኳታ መለየት አይቻልም። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ካሜራውን የገዛ ሰው በካሜራው ማይክሮፎን በኩል የክፍሉን ድምፅ ወደ ጨዋታው የሚያስገባውን ምርጫ ማብራት ይችላል፤ እርሱ ቤት ውስጥ የሚያሰማው ጫጫታ ፍጡሩን ይጠራዋል። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ እኛ ሠፈር ግን ከአጥር ወዲያ ውሻ ሲጮኽ፣ ጎረቤት ቡና ጠጡ ብላ ስትጣራ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከደብሩ ድምፅ ማጉያ ማሕሌቱ ሲሰማ አማንዳ በሕይወት የምትቆይበት ዕድል አይታየኝም።

ጉድለቱን ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ጨዋታው ረጅም ነው፤ ከሚገባው በላይ ረጅም ነው። በጥንቃቄ የሚጫወት ሰው ሃያ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ፍርሃት ደግሞ እንዲህ ሲለጠጥ ይሳሳል። ከመካከሉ አልፎ ፍጡሩ ለረጅም ጊዜ ይጠፋና ቦታውን ዎርኪንግ ጆ የሚባሉት የጣቢያዋ ሮቦቶች ይወስዳሉ። የላስቲክ ፊት፣ የሚያበራ ዓይን፣ እያነቁ እንኳ የማይለወጥ ትሑት አነጋገር አላቸው፤ ሲጀመር በእርግጥ ይዘገንናሉ። ነገር ግን መንገዳቸው ይታወቃል፤ ፍጥነታቸው ይታወቃል፤ መትቶ መጣልም ይቻላል፤ ስለዚህ ቀደም ብዬ የነቀፍኩት የሽምደዳ አጨዋወት በእነርሱ በኩል ተመልሶ ይገባል። የመጨረሻዎቹ ምዕራፎችም አለቀ ሲሉት እንደገና የሚጀምሩ፣ ወዲያ ሂድ፣ ይህን ማብሪያ አብራ፣ ተመለስ የሚሉ ተልእኮዎች ናቸው። የሰዎቹ ፊት ደረቅ ነው፤ ሲናገሩ ከንፈራቸውና ድምፃቸው የተኳረፉ ይመስላሉ። መጨረሻው ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ ለመጣ ሰው አይመጥንም።

ከዚህ ሁሉ ጋር እንኳ በአምስተኛው ምዕራፍ ያለው የሆስፒታል ክፍል ብቻውን የጨዋታውን ዋጋ ያወጣል። ፍጡሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በነጻነት የሚለቀቀው እዚያ ነው፤ ተጫዋቹ ግን እሳት የሚተፋውን መሣሪያ ገና አላገኘም። መተላለፊያዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚገናኙ መሸሽም መከበብም ይቻላል፤ በሮቹ ሲከፈቱ ይጮኻሉ፤ የሚፈለገው ዕቃ ሁልጊዜ ፍጡሩ ከሄደበት አቅጣጫ ነው። ብዙ ሰው ጨዋታውን የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ ያለፈ ግን ይቀጥላል። የጣቢያዋ አሠራርም አብሮ ይረዳል፤ ሁሉ ነገር የ1979ን ፊልም ዘመን ተከትሎ በወፍራም የመስታወት ስክሪን፣ በሚጫን ቁልፍና በሚሽከረከር ካሴት የተሠራ ነው። ሠሪዎቹ የስክሪኖቹን ምስል በእውነተኛ የቪኤችኤስ ካሴት ላይ ቀድተው፣ ያን አበላሽተው መልሰው ተጠቅመውበታል፤ በቪዲዮ ቤት ዘመን ካሴት ተከራይቶ ያየ ሰው ያን መንቀጥቀጥ ሲያይ ወዲያው ያውቀዋል።

ለመግዛት ለሚያስብ ሰው፦ ኮምፒውተር ላይ 4 ጊጋባይት ራምና 1 ጊጋባይት ያለው የግራፊክስ ካርድ ለመነሻ ይበቃዋል፤ ስለዚህ አሮጌ የሚባል ማሽንም ሊያስኬደው ይችላል። የሚይዘው ቦታ ግን 35 ጊጋባይት ነውና በሞባይል ዳታ ለማውረድ መሞከር ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ሆነው ያውርዱት ወይም ዲስኩን ይፈልጉ። ለፕሌይስቴሽን 3 የወጣውም ቢሆን ምስሉ ዝቅ ይላል እንጂ ፍርሃቱ አልተቀነሰበትም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ለአይፎንና ለአንድሮይድ ስልክ ወጥቷል፤ በሚገርም ሁኔታ ሙሉው ጨዋታ ነው፤ በመስታወት ላይ በጣት መምራት ግን ቁም ሣጥኑን ስቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍን ያስከትላልና ጆይስቲክ ከስልኩ ጋር ማገናኘት የሚችል ሰው ብቻ ይሞክረው። በአውሮፓ የዕድሜ ምደባ ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ የተፈቀደ ጨዋታ ስለሆነ ለታናናሾቻችሁ አታሳዩአቸው።

የክብደት ደረጃውን በሚመለከት፣ ቀላሉን የሚመርጥ ሰው ፍጡሩ የሚራራለት ይመስለዋልና ይህን ሁሉ ያወራሁለትን ነገር አያገኘውም። በ«ሃርድ» ይጀምሩ። «ናይትሜር» የሚባለው ደረጃ፣ መከታተያው ራሱ ተበላሽቶ የሚሰጥበት፣ ጨዋታውን አንድ ጊዜ ጨርሶ ጆሮውን ላመነ ሰው የተሠራ ነው።